የተማሪዎች መጽሔታችን ጽሑፍ እንዴት ተስተካከለ
የካ አባዶ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን የተማሪዎችን መጽሔት ገጾች ሳቀናብር፣ ከደረሱኝ ጽሑፎች ብዙዎቹ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ሆነው ተከፈቱ። ጽሑፎቹ የተተየቡት ዩኒኮድን (ለዓለም ፊደላት ለእያንዳንዳቸው የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ የኮምፒውተር ሥርዓት) በማይከተሉ የቆዩ ፎንቶች ሲሆን፣ እነዚህ የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር የሚታየው የላቲኑ ፊደል ብቻ ነው። ዩኒኮድ ግን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ኮድ ሰጥቶታል። ስለዚህ ጽሑፎቹን ሁሉ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዛውሬ በኒያላ ፎንት አቀናበርኋቸው፤ መለወጫው በሥርዓተ ነጥብ ላይ ብዙም ስለማይታመን፣ ተማሪዎቹ ከወረቀት ቅጂው ጋር ቃል በቃል አመሳከሩ፤ በእኔ አስተያየት ከሥራው ሁሉ የጠቀማቸው ይኸው ነው። ለማተሚያ ቤቱ የላክነው ፎንቶቹ የተካተቱበትን ፒዲኤፍ ነበር። መጽሔቱ መሐል ለመሐል በሽቦ ስለሚሰፋ የገጾቹ ብዛት ለ4 መካፈል ነበረበትና፣ 30 የነበሩትን ገጾች በተማሪዎች ሥዕሎች 32 አደረግናቸው።