የአንጎል ዕጢ የተጠረጠረበትን ልጅ ለኤምአርአይ ማዘጋጀት

ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሰው፣ ራሱን የሚያመው ወይም አረማመዱ የተዛባ ልጅ በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚታዘዘው ሲቲ ስካን ነው፤ በጥቂት ሰከንዶች አልቆ የደም መፍሰስንና በአንጎል ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽን ያሳያልና። የዕጢውን ወሰን አጥርቶ ለማየት ግን በማግኔት ኃይል ምስል የሚያነሣው ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ኤምአርአይ እንደ ሲቲ ስካን የኤክስሬይ ጨረር አይጠቀምም፤ ሆኖም ልጁ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሳይነቃነቅ መተኛት አለበት፤ ራሱን ጥቂት ካዞረ ምስሉ ይደበዝዛል።

ስለዚህ ትንንሽ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ሰመመን ይሰጣቸዋል። በሆድ ያለ ምግብ ተመልሶ ወደ ሳንባ እንዳይገባ፣ በተለመደው አሠራር ሰመመኑ ሊሰጥ ምግብ 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ የሰመመን ባለሙያው የተለየ ሰዓት ከነገራችሁ የእርሱን ተከተሉ። አያት አንጀታቸው አልችል ብሎ በስውር የሚያጎርሱት አንድ ጉርሻ ቀጠሮውን ሊያሰርዝ ስለሚችል፣ ትእዛዙን ለቤተሰቡ ሁሉ አስቀድሞ መንገር ይበጃል።

የመሣሪያው ማግኔት ምርመራ በሌለበት ሰዓትም ይስባል። ጉትቻ፣ የፀጉር ማስያዣና ብረት ያለበት ክታብ ከቤት ሳትወጡ ይውለቁ። የማተቡ ክር ራሱ ብረት ከሌለበት ችግር የለውም፤ የተንጠለጠለው መስቀል ግን ብር ነው ቢባልም ከምን እንደተቀላቀለ ስለማይታወቅ ይፈታል። በጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ ማስወገጃ ቱቦ የተቀበረለት ልጅ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ማግኔቱ የአንዳንዶቹን ቱቦዎች የፈሳሽ ማሳለፊያ ልኬት ሊያዛባ ስለሚችል ከምርመራው በኋላ መፈተሽ አለባቸው።

ከፍ ያለውንና ያለ ሰመመን የሚመረመረውን ልጅ መሣሪያው ሲሠራ ለሚያሰማው ጩኸት ማለማመድ ይቻላል። ከጠረጴዛ ሥር አስተኝታችሁ ድስት እየደበደባችሁ፣ እንደ ሐውልት ደርቆ እንዲቆይ አጫውቱት።

በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የተባለው መድኃኒት ብዙዎቹን ዕጢዎች አጉልቶ ያሳያል፤ ከመሰጠቱ በፊት ግን ልጁ የኩላሊት ሕመም ወይም አለርጂ ካለው አትደብቁ። እንደ ሜዱሎብላስቶማ (በትንሹ አንጎል የሚወጣ የልጆች ካንሰር) ያሉ ዕጢዎች አንጎልን በከበበው ፈሳሽ በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰር ሊዛመቱ ስለሚችሉ፣ ጀርባውም አብሮ ይነሣ እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ምስሉን በሲዲ ሳትቀበሉ አትውጡ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቀረ ዕጢ እንዳለ ለማየት ኤምአርአዩ አብዛኛውን ጊዜ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል፤ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም (ራዲዮሎጂስቱ)ም አዲሱን ምስል የሚያስተያየው ከፊተኛው ምስል ጋር እንጂ ከወረቀት ሪፖርት ጋር አይደለም።