ስልኩ ሳያሳምረው ፎቶ ማንሳት

እናትዎ ቡና ሲያፈሉ ፎቶ ያነሳሉ። ሲያዩት ግን የፊታቸው ሽብሽብ ጠፍቷል፣ የእጣኑ ጭስ ሳስቷል፣ ከጀርባቸው ያለው ጥላ ሳይቀር ቀን መስሏል። አንዴ ሲጫኑት ስልኩ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ ያዋህዳል፤ ጨለማውን ያበራል፣ ቆዳውን ያለሰልሳል።

መጀመሪያ የሚጠፋውን ያጥፉ። ካሜራው ላይ ቢዩቲ ወይም ኤአይ የሚል ምልክት ካለ ይዝጉት፤ በተለይ የሰልፊውን፣ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ በርቶ ይጠብቃልና። በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ሲን ኦፕቲማይዘር የሚባለውም ቀለሙንና ብርሃኑን በራሱ ይለውጣል። ጨለማውንና ብርሃኑን የሚያቀራርበውን ኤችዲአርንም ማጥፋት ከተቻለ ያጥፉ። ከአይፎን 13 ወዲህ ግን ማጥፊያው የለም።

ቀጥሎ ብርሃን። አምፖሉን አጥፍተው ረከቦቱን ወደ መስኮቱ ወይም ወደ በሩ ያስጠጉ። የአምፖልና የቀን ብርሃን ሲቀላቀል የፊት ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። ፍላሽ አይታሰብ።

ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ነካ አድርገው ይያዙ፤ በአብዛኞቹ ስልኮች ፎከሱና ብርሃኑ ባሉበት ይቆለፋሉ። ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን በጣትዎ ትንሽ ይቀንሱ። ዓይንዎ ነጠላው ላይ ይሁን፦ ፈትሉና ጥለቱ እስኪለይ ድረስ ይቀንሱ። ነጩ አንዴ ከተቃጠለ በኋላ የሚመልሰው የለም፤ የጨለመውን ግን በኋላ ማንሳት ይቻላል። ጥግ ላይ ያለው ጥላም ጥላ ሆኖ ይቅር፣ ቤቱን ቤት የሚያስመስለው እሱ ነው።

በዋናው ሌንስ ያንሱ። በጣት ጎትተው ዙም አያድርጉ፣ ራስዎ ይጠጉ፤ ፊት ላይ ከተደቀኑ ግን አፍንጫ ያገዝፋል፣ ስለዚህ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቁ።

ከዚህ በላይ ለሚፈልግ ሮው አለ፤ ስልኩ ሳያሳምረው የሚቀመጥ ጥሬ ፎቶ ማለት ነው። አንድሮይድ ላይ ኦፕን ካሜራ የሚባል አፕ በነፃ ይገኛል፤ ስልክዎ ከፈቀደ በሴቲንጉ ካሜራ 2 ኤፒአይን መርጠው ሮውን ያብሩ። የአይፎኑ ፕሮሮው በስሙ አያታልልዎት፣ እሱም የተዋሃደ ፎቶ ነው፤ አንዱም በ12 ሜጋፒክሰል 25 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ሃላይድ የሚባለው የአይፎን ካሜራ አፕ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ፕሮሰስ ዜሮ የተባለው አማራጭ ግን በእርግጥ አንድ ፎቶ ብቻ ያነሳል። ማታ ላይ እንደ አሸዋ ያለ ነጠብጣብ ይታይበታል፤ እኔ ከለሰለሰ ፊት እሱን እመርጣለሁ። ሮውን ስናፕሲድ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ከፍተው ብርሃኑን ብቻ ያስተካክሉና ይተዉት።

በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ አለበለዚያ ጨምቆ ያሳንሰዋል።