ቤንዚን ሞልታችሁ ሪዘርቩን አትርሱ

ሞተር ሳይክል የምትነዱ፣ ቤንዚን እንደሞላችሁ የቤንዚኑን መክፈቻ ከሪዘርቭ (ጋኑ ሥር ለመጠባበቂያ ከሚቀረው ቤንዚን) ወደ ቦታው መልሱት። እኔ ረስቼው ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ስሄድ፣ ሉማሜ ሳልደርስ ሞተሩ ቀጥ አለ። ሪዘርቭ ላይ ከነዳችሁ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ሲያልቅ አለቀ ነው። ያን ቀን በፀሐይ ስገፋ ዋልኩ።

ትንንሽ አውሮፕላኖችም በዚሁ ዓይነት ስህተት ይወድቃሉ። አየር ላይ ደግሞ ዳር ይዞ መቆም የለም። ብዙዎቹ ነዳጁን የሚይዙት በግራና በቀኝ ክንፋቸው ነው። በአንዳንዶቹ አብራሪው ከአንዱ ጋን ወደ ሌላው በእጁ ማዞር አለበት። ከረሳ፣ ሌላኛው ክንፍ ነዳጅ እያለው ሞተሩ ይጠፋል። በጣም ያሳዝናል። ጠንቃቃ አብራሪ ጌጁን ብቻ አያምንም፤ ከመነሳቱ በፊት ክዳኑን ከፍቶ በዘንግ ይለካል። በአሜሪካ ሕግ፣ በቀን እያየ የሚበር አውሮፕላን ቢያንስ የ30 ደቂቃ፣ በሌሊት የ45 ደቂቃ ትርፍ ነዳጅ ሊይዝ ይገባል።

እናንተም ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ሞተሩን ነቅነቅ አድርጋችሁ በዓይናችሁ እዩ። በተለይ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዳችሁ በፊት። ቁልቁለቱ አያታላችሁ፤ ከድልድዩ ወዲያ እስከ ጎሐ ጽዮን ዳገት ነው። ከመሸ በስልክ መብራት እዩ፤ ክብሪት እንዳትጭሩ አደራ።