ሰው አልባ መርከብ ባሕር ላይ እንዴት ይሞከራል?

መጀመሪያ ፈቃድ። ያለ ባሕር ባለሥልጣን ፈቃድ ወደ ውሃ የሚለቀቅ ነገር የለም። ኖርዌይ በ2016 እ.ኤ.አ. የትሮንድሄም ፊዮርድን፣ ማለትም ወደ የብስ ዘልቆ የገባ ጠባብ የባሕር ክፍልን፣ ለዚሁ ሥራ ከልላለች።

ሶፍትዌሩን መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ፈትኑት። ከዚያ ሰው ጭናችሁ ውጡ፤ መርከቡ ራሱን ይንዳ፣ ካፒቴኑ ግን ከመሪው አይራቅ። ይህን ደረጃ መዝለል ድፍረት ሳይሆን እብደት ነው።

ዋናው ፈተና የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ ነው። ሁለት የሞተር መርከቦች ፊት ለፊት ከመጡ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ፤ መንገዳቸው መስቀለኛ ከሆነ ደግሞ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው ቅድሚያ ይሰጣል። ስለዚህ ሌላ ጀልባ አሰማሩና ከየአቅጣጫው አምጡበት፣ ከሩቅ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ እያቀረባችሁ። መታጠፉ ብቻውን አይበቃም፤ የሌላው ካፒቴን ሐሳቡ እንዲገባው ቀደም ብሎና በግልጽ መታጠፍ አለበት። ትናንሽ የዓሣ ጀልባዎች ብዙ ጊዜ ቦታቸውን የሚያሰራጭ መሣሪያ ስለሌላቸው ራዳሩና ካሜራው ያለዚያ መረጃ ያገኟቸው እንደሆነም እዩ።

አሁን ሆን ብላችሁ አበላሹት። ግንኙነቱን ቁረጡ፣ ጂፒኤሱን አጥፉ። ይቆማል? ይመለሳል? ወይስ ዝም ብሎ ይነጉዳል? የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ከዋናው ኮምፒውተር የተለየ ይሁን።

ሜካኒካሉን ደግሞ አትናቁ። ሜይፍላወር የተባለችው ሰው አልባ መርከብ በ2021 አትላንቲክን ለማቋረጥ ተነስታ በሜካኒካል ብልሽት ተመለሰች። በ2022ም ካናዳ፣ ሃሊፋክስ የደረሰችው አዞሬስ ደሴቶች ላይ ተጠግና ነው። መሃል ባሕር ላይ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው የለማ!