ከመድኃኒት ጋር የሚታዘዙ ምርመራዎችን ሲመድቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የሚታዘዝ የላቦራቶሪ ምርመራ ሁሉ በሕግ ፊት አንድ አይደለም። የምርመራው ምድብ በውጤት ወረቀት ላይ ጎልቶ ስለማይታይ ችላ ይባላል፤ ይሁንና ሕመምተኛው መድኃኒቱን ማግኘት አለማግኘቱ የሚወሰነው አንዳንዴ በዚሁ ምድብ ነው።

ቀዳሚው ስህተት ከሕክምና ጋር የተያያዘን ምርመራ ሁሉ «ኮምፓኒየን» ወይም ተጓዳኝ ምርመራ ብሎ መጥራት ነው። በአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በኤፍዲኤ፣ አተረጓጎም ተጓዳኝ የሚባለው መድኃኒቱን ያለ ስጋትና በሚገባ ለመጠቀም የግድ የሚያስፈልገው ምርመራ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የጡት ካንሰር መድኃኒቱ ትራስቱዙማብ የተፈቀደው ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን በዕጢው ላይ መብዛቱን ከሚለየው ኸርሴፕቴስት ጋር ነበር። የኩላሊትን ሁኔታ ለማወቅ የሚለካው ክሪያቲኒን ግን ለብዙ መድኃኒቶች ቢጠቅምም የተለመደ ምርመራ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያደናግረው ተጓዳኙን ምርመራ «ኮምፕሊመንታሪ» ከሚባለው አጋዥ ምርመራ ጋር ማምታታት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ኤፍዲኤ ፒዲ-ኤል 1 የተባለውን ፕሮቲን የሚለኩ ሁለት የሳንባ ካንሰር ምርመራዎችን ፈቀደ። 22ሲ3 የተባለው ፔምብሮሊዙማብ ለተባለው የካንሰር መድኃኒት ተጓዳኝ ሆነ፤ ፓቶሎጂስቱ (የቲሹ ማለትም የሰውነት ሥጋ ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) ቢያንስ 100 ሕያው የዕጢ ሴሎች ባሉበት ስላይድ ላይ ፕሮቲኑ በመኖሩ ቀለም የያዙትን ገምቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካላገኘ መድኃኒቱ በወቅቱ ለዚያ ሕመምተኛ አልተፈቀደም ማለት ነበር። 28-8 የተባለው ግን ኒቮሉማብ ለተባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒት አጋዥ ብቻ ነበር፤ የሚጠበቀው ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ለሐኪሙ ይጠቁማል እንጂ በሩን አይዘጋም። አጋዡን እንደ ተጓዳኝ ቆጥሮ ሕክምና መከልከል፣ በእኔ እምነት፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ሊፈጸም ከሚችለው ስህተት ሁሉ የከፋው ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ስህተት የአንዱን ምርመራ ውጤት ለሌላ መድኃኒት እንዳለ መጠቀም ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለተወሰነ መድኃኒት፣ ለተወሰነ በሽታና ለተወሰነ የናሙና ዓይነት ስለሆነ፣ በቲሹ ላይ የተፈቀደ ምርመራ በደም ላይም ተፈቅዷል ማለት አይቻልም።

የላቦራቶሪውን ፈቃድ እንደ ምርመራው ፈቃድ መቁጠርም የተለመደ ነው። ክሊያ በሚባለው እ.ኤ.አ. የ1988ቱ የአሜሪካ የላቦራቶሪ ሕግ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የባለሙያውን ብቃትና የአሠራሩን ጥራት ይመለከታል፤ ምርመራውን የአንድ መድኃኒት መምረጫ አያደርገውም። ላቦራቶሪዎች ራሳቸው አዘጋጅተው የሚሠሩባቸውን ምርመራዎች እንደ ሕክምና መሣሪያ ለመቆጣጠር ኤፍዲኤ በ2024 ያወጣውን ደንብ ደግሞ በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2025 ስለሻረው፣ በመካከል የተጻፉ ማብራሪያዎችን ቀናቸውን ሳያዩ መጥቀስ አይገባም።

በመጨረሻም የአሜሪካን ምድብ በአውሮፓው ላይ መጫን ያሳስታል። ከግንቦት 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ምርመራዎችን ከዝቅተኛው ስጋት ከኤ እስከ ከፍተኛው ዲ ሲመድብ ተጓዳኞቹን በሲ ያስቀምጣል፤ ገምጋሚው አካልም የምስክር ወረቀት ከመስጠቱ በፊት የመድኃኒት ተቆጣጣሪውን አስተያየት መጠየቅ አለበት። በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን በተፈለገው ልክ መሆኑን ለመከታተል ብቻ የሚሠራ ምርመራ በዚህ ደንብ መሠረት ተጓዳኝ አይባልም።