አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ እምቢ የሚል ኮኔክት፦ በሲ ፕሮግራም መንስኤውን ማግኛ

ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ይገናኛል፤ አልፎ አልፎ ግን ኮኔክት (ከሰርቨር ጋር የሚያገናኘው ጥሪ) -1 ይመልሳል፤ ይህም ከሽፏል ማለት ነው። ኮዱን ከመነካካትዎ በፊት ሁለት ነገር ሎግ ያድርጉ፦ የኤርኖን (የስህተቱን መንስኤ የሚይዘውን ቫሪያብል) ቁጥርና ጥሪው የፈጀውን ጊዜ። ኤርኖን ኮኔክት እንደተመለሰ በሌላ ቫሪያብል ይያዙት፤ መሃል ላይ ፕሪንትኤፍ ወይም ክሎዝ ከገባ ሊቀየር ይችላል። ብዙ ሰው የተሳሳተ ቁጥር እያሳደደ የሚደክመው በዚህ ነው።

በተለመዱት የሊኑክስ ማሽኖች ኤርኖ 111 ማለት ባብዛኛው ማሽኑ ተገኝቷል፣ በፖርቱ ላይ ግን የሚያዳምጥ የለም ማለት ነው። ሰርቨሩ እየወደቀ እየተነሳ እንዳይሆን ይመልከቱ። 110 ከሆነ ጭራሽ መልስ አልመጣም።

ከቁጥሩ ይልቅ ጊዜው የሚናገርበት አጋጣሚ አለ። ኮኔክት ተሳክቶ ነገር ግን 1 ወይም 3 ሰከንድ ገደማ ከፈጀ፣ መጀመሪያ የተላከው የሲን ፓኬት (የግንኙነት መጠየቂያው) መልስ አላገኘምና ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ደግሞ ልኮታል። ኔትወርኩን ከመውቀስዎ በፊት የሰርቨሩን ወረፋ፣ ማለትም ተቀባይ የሚጠብቁትን ግንኙነቶች ሰልፍ፣ ይፈትሹ። አክሴፕት (ግንኙነቱን ከወረፋው የሚያነሳው ጥሪ) ቶሎ ካልተጠራና ወረፋው ከሞላ፣ ሊኑክስ አዲሱን ጥያቄ እምቢ አይልም፤ ድምፁን አጥፍቶ ይጥለዋል። ሰርቨሩ ላይ ሶኬቶችን (የግንኙነት ጫፎችን) የሚዘረዝረውን የኤስኤስን ትዕዛዝ በኤል፣ ኤን እና ቲ አማራጮች ያስኪዱ። በሚያዳምጠው ሶኬት መስመር ላይ ሪሲቭ-ኪው የተሰለፉትን፣ ሴንድ-ኪው ጣሪያውን ያሳያል። ለሊስን (ሰርቨሩ ማዳመጥ ለሚጀምርበት ጥሪ) የወረፋ ጣሪያ 5 ሰጥተው 6 እና 5 ካዩ ወረፋው ሞልቷል። ይህን ጣሪያ ሲያሳድጉ ሶማክስኮን የተባለው የከርነል ቅንብር እንደሚገድበው አይርሱ፦ ከከርነል 5.4 ጀምሮ 4096፣ ቀድሞ 128 ነው።

ኤርኖ 99 የሚመጣው ጫና ሲበዛ ነው፤ ለደንበኛው የሚሰጥ ፖርት አልቋል። መደበኛው ክልል ከ32768 እስከ 60999 ነው። ቀድመው የዘጉት ግንኙነት ፖርቱን በታይም-ዌይት (ከመዘጋት በኋላ ባለው የመቆያ ሁኔታ) 60 ሰከንድ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ወደ አንድ ሰርቨር አንድ ፖርት በሰከንድ ከ470 ገደማ በላይ እየከፈቱ መዝጋት አይዘለቅም። መፍትሔው የተከፈተውን ግንኙነት ደጋግሞ መጠቀም ነው።

ኤርኖ 4 ከመጣ ጥሪውን ሲግናል (ለፕሮግራሙ የተላከ ምልክት) አቋርጦታል፦ ኮኔክትን መልሰው አይጥሩ፤ ሶኬቱ ለመጻፍ እስኪዘጋጅ በፖል (ሶኬት እስኪዘጋጅ በሚጠብቀው ጥሪ) ጠብቀው በጌትሶክኦፕት (የሶኬቱን ሁኔታ በሚያነበው ጥሪ) ውጤቱን ያንብቡ። በሌላው ስህተት ግን የከሸፈውን ሶኬት ዘግተው አዲስ ይክፈቱ።

የስህተት ቁጥሩ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ለጌትአድርኢንፎ (የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ ለሚለውጠው ጥሪ) የሚሰጡትን የሂንትስ ስትራክት፣ ማለትም የሚፈልጉትን የአድራሻ ዓይነት የሚገልጸውን፣ ይመልከቱ። በሜምሴት ዜሮ ካልተደረገ ስታክ ላይ የቀረው ቆሻሻ አብሮ ይገባል። የሚመለሰውንም የአድራሻ ዝርዝር እስከ መጨረሻው ይሞክሩ፤ የመጀመሪያው አድራሻ የማይሠራ አይፒቪ6 ሊሆን ይችላል።