ልጃችሁ ስልክ ሲይዝ ከየት ትጀምራላችሁ?

ከስልኩ በፊት ልጁን አናግሩት። “የሚያስፈራህ ወይም የሚያሳፍርህ ነገር ካየህ ንገረኝ፣ አልቆጣህም፣ ስልኩንም አልቀማህም” በሉት። ልጆች ዝም የሚሉት ብዙ ጊዜ ስልኩን እንዳይነጠቁ ፈርተው ስለሆነ፣ እባካችሁ ቃላችሁን ጠብቁ።

ከዚያ ሴቲንጉ። አንድሮይድ ከሆነ ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን የጉግል የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ፣ አይፎን ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ ያለውን ስክሪን ታይም የሚባለውን መቆጣጠሪያ ተጠቀሙ፤ አፕ ከመጫኑ በፊት የእናንተን ፈቃድ እንዲጠይቅ አድርጉት። ኢንስታግራምና ፌስቡክ አካውንት ለመክፈት ቢያንስ 13 ዓመት ይጠይቃሉ፣ ዕድሜ ዋሽታችሁ አትክፈቱለት። የጌም ቻትንም አትርሱ፣ የማያውቀው ሰው በዚያም ይገባል።

የስድብ ወይም የማስፈራሪያ መልእክት ከመጣ ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱ፤ ለትምህርት ቤቱም ለፖሊስም ማስረጃ ይሆናል።

መምህራንም፣ የልጆችን ፎቶ ከሙሉ ስማቸውና ከክፍላቸው ጋር አትለጥፉ። ወላጅ ሳይፈቅድማ በጭራሽ!